የጡት ወንድም

የአቶ ገብረ ሕይወት ችግር ደግነታቸው ነው። ክፉ አባት ቢሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ ቀላል ይሆን ነበር፤ ልጅቷ ታኮርፋለች፣ ልጁ ይዟት ይጠፋል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ በመጨረሻም ሁሉም ታርቆ ይበላል ይጠጣል። ደግ አባት ላይ ግን ማን ያኮርፋል? የቢቸናው እህል ነጋዴ አቶ ገብረ ሕይወት አንድ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ፊት ቆመው፣ እየመረቁና እየተመረቁ፣ የገዛ ልጃቸውን የየትናየትን ልብ ሰበሩት። ያውም ምንም ሳያውቁ።

ነገሩን ለማስረዳት ከወንበር መጀመር አለብኝ።

መምህር ይግዛው የሞጣ ልጅ ነው። እናት አባቱን በጨቅላነቱ አጥቶ፣ ሞጣ መናኸሪያ ዕቃ እየተሸከመ የተማረ፣ የገንዘብም የዘመድም ድሃ። ተመርቆ ቢቸና ተመደበና ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ነው፤ ጠዋት የተማረ ልጅ ከሰዓት ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ ልጅ ደግሞ የሚሄድበት አያጣም፤ መናኸሪያ አለ፣ ቪዲዮ ቤት አለ፣ ከረምቡላ አለ፣ ከሁሉም በላይ አረቄ ቤት አለ። ይግዛው እነዚህን ልጆች ከየመንገዱ እየለቀመ በሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት ያስጠናቸው ጀመር። ሰፈሩም "የከሰዓት ክበብ" ብሎ ስም አወጣለትና እንደ አቅሙ ይደግፈው ያዘ። ባለሱቁ ጠመኔ ይሰጣል፣ ዳቦ ቤቱ ያደረ ዳቦ ይሰጣል፣ ገበያ ቀን እህል ሊሸጥ የመጣው ገበሬ ሽምብራውን ሲያሰፍር አንድ እፍኝ ለልጆቹ ቆሎ ብሎ ያስቀራል። እድሩ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩን አዋሰ።

ጣጣው የመጣው ከወንበሩ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ወንበሩ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ሞት የበረታበት ሳምንት ድንኳኑ ሲወጣ ድስቱ ሲገባ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ መቆሚያም አይገኝ። ውቢት የምትባል ልጅ "እባካችሁ ፈተና እስኪያልፍ አትሙቱብን" ብላ ጎረቤቶቿን ለምናለች ይባላል። ሰዉ ሳቀ። ውቢት ግን አልሳቀችም። አረቄ ሻጭ ልጅ ናት፤ ክበቡ በተዘጋ ቀን ቤት ውላ ለሰካራም ትቀዳለች፣ ሰካራሙም እጁን መለኪያው ላይ ብቻ አያሳርፍም።

የትናየት የአቶ ገብረ ሕይወትና የወይዘሮ ይርጋነሽ ብቸኛ ልጅ ናት። ብቸኛ የሆነችው እንዳለው የሚባል ታላቅ ወንድሟ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ነው። ነርስ ሆና ተመርቃ ሞጣ ተመደበች። እንግዲህ የእግዜርን ሥራ እዩ፤ የሞጣው ልጅ ቢቸና፣ የቢቸናዋ ልጅ ሞጣ። የተገናኙት ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ነው፤ ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ የአውቶቡስ ጎማ ፈንድቶ ሁሉም ወርዶ ቆሞ ሳለ። ይግዛው ከሞጣ የቀድሞ አስተማሪዎቹን ለምኖ ያገኛቸውን አሮጌ መጻሕፍት በጆንያ ይዞ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ጆንያውን አለበሰው።

"ነርስ ነኝ" አለችው፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። "በሽታ ይዞህ ሞጣ ብትመጣ ግን አላክምህም።"

"ሞጣ ነው የምትሠሪው?" አለና ዝናቡ ከፊቱ ላይ እየወረደ አያት። "እንግዲያው ልታመም።"

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤያቸው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ተመላለሰ። ይግዛው ሁልጊዜ የሚጽፈው አንድ ጭንቀት ነበረው፦ "ሽማግሌ ማንን ልላክ? የማን ልጅ ነው ሲሉ ምን ይባልልኝ?" እሷም ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ምክር ነበራት፦ "መጀመሪያ አባባ ይውደዱህ። የወደዱትን ሰው ዘሩን አይጠይቁም።" ምክሯን ሰማ። እህል ለልጆቹ ሊለምን ወደ አቶ ገብረ ሕይወት መደብር ደጋግሞ ሄደ፣ እሳቸውም እየመጡ ልጆቹን ማየት ያዙ። ወደዱት። እንዲያውም ከልክ በላይ ወደዱት።

የትናየት በገና እረፍቷ ቢቸና መጥታ ክበቡ ውስጥ ልጆቹን ስለ ጤና ስታስተምር ሰነበተች። አንድ ቀን እራት ላይ አባቷ ጉርሻቸውን አቆዩና "ለመሆኑ ይህ አስተማሪ ምንሽ ነው?" አሏት።

የትናየት ደነገጠች። ውሃውን አነሳች፣ አስቀመጠች። "እንደ ወንድሜ ነው የማየው፣ አባባ" አለች።

በዚህ አገር ይህን ውሸት ያልዋሸች ሴት ካለች እጇን ታውጣ። ከመቶ አባት ዘጠና ዘጠኙ አያምንም፤ አቶ ገብረ ሕይወት ግን ሰው ያምናሉ። ልጃቸውን አተኩረው አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እሷ ግን ተገላገልኩ ብላ እራቷን በላች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቃሏ በዚያች ማታ ወዴት እንደሄደ እሷ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

* * *

ከፋሲካ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ጉዳዩ የከሰዓት ክበብ ነበር። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል፣ ልጆቹ ከኋላ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው። የትናየትም ፈቃድ ወስዳ መጥታ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ፋንታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሲሰጡ ሦስት ጊዜ ያገላብጣሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" አሉ። "እናዋጣለን፣ እሺ። የምናዋጣው ግን በማን እጅ ነው? መምህር ይግዛው የሞጣ ሰው ነው። ነገ ዝውውር ቢደርሰው ሻንጣውን አንስቶ ይሄዳል። የሰጠነው ሁሉ በነነ ማለት ነው።"

ይግዛው ተነሳ። "ልጆቹን ጥዬ አልሄድም፣ ጋሼ።"

"በምን እንመንህ፣ ልጄ? እዚህ ማን አለህ? እናት አለህ? አባት አለህ? ብትሞት የሚቀብርህ አለ?"

ይግዛው ዞር ብሎ አጥሩ ላይ ያሉትን ልጆች አየ። እንደቆመ ቀረ። የትናየት ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። 'እኔ አለሁት' ልትል ነበር፤ እምላለሁ ልትል ነበር። ግን የትኛዋ ሴት ልጅ ናት በእድር ስብሰባ መሀል ተነስታ እንዲህ የምትል? ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ገብረ ሕይወት ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"ፋንታ እውነቱን ነው። ሰው መያዣ ይፈልጋል" አሉ። "እንግዲያው ስሙኝ። ከመንገዱ በላይ ያለውን መጋዘኔን ለልጆቹ ሰጥቻለሁ። ወንበርም አሠራለሁ፤ ለቅሶ የማይወስደው የልጆቹ ወንበር።"

እልልታው ቀለጠ። አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች ሲዘሉ አጥሩ ሊወድቅ ደረሰ። የትናየት በደስታ አጠገቧ ያለችውን ሴት አቀፈቻት። አባቷ በዚያች ደቂቃ ያማሩትን ያህል አምረው አያውቁም።

"አልጨረስኩም" አሉ አቶ ገብረ ሕይወት፣ እጃቸውን አንስተው። "ሰው የለውም ብላችኋል። ሰው አለው። ልጄ በባዕድ አገር አፈር ወድቆ ቀርቷል፤ ቤቴ ወንድ ልጅ የለበትም። ሴት ልጄ ደግሞ ይህን ልጅ እንደ ወንድሟ እንደምታየው በገዛ አፏ ነግራኛለች። እኔም ለብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ከዛሬ ጀምሮ ይግዛው የጡት ልጄ ነው፤ የትም አይሄድም። ይርጋነሽ፣ ማሩን አምጪ!"

የዛሬ ወጣት ረስቶት ይሆናል፣ ቢቸና ግን አልረሳም። ሰው የሌለው ሰው በምስክር ፊት ማር የተነከረ አውራ ጣት ይጠባና ልጅ ይሆናል። ጨዋታ አይደለም። አባቱ ሲሞት ሐዘን ይቀመጣል፣ ይወርሳል፣ ደም ቢኖር ደም ይመልሳል። የቤቱ ልጆች እህትና ወንድሞቹ ናቸው። እህትን ማግባት ደግሞ በዚህ አገር ስሙም አይነሳም።

ማሩን በጎድጓዳ ሳህን ይዘው የመጡት ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው። ባላቸው ሊያደርጉ ያሰቡትን ጠዋት ሰምተው ደስ ብሏቸው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ዓይናቸው የልጃቸው ፊት ላይ ወደቀና ቆሙ። እናት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነገራቸውን በአንዴ አዩት።

"ምነው ይርጋነሽ? አምጪው እንጂ!" አሉ አቶ ገብረ ሕይወት እየሳቁ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ አመጡት። ምን ያድርጉ?

ይግዛው ማሩን አላየም። አቶ ፋንታንም አላየም። በሕዝቡ ሁሉ ራስ ላይ አሻግሮ የትናየትን አያት። ዓይኑ ይጠይቃታል፦ ምን ልሁን? እሷም አየችው፤ ለአፍታ በዚያ ግቢ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ሰዉ 'ወዴት ነው የሚያይ?' ብሎ ዞረ፣ አቶ ፋንታ ዞሩ፣ ሴቶቹ ዞሩ፣ ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ አረፈ። የትናየት እንደ ማንኛዋም የጨዋ ልጅ አንገቷን ደፋች።

ቀና ስትል ይግዛው ተንበርክኮ ነበር።

* * *

በማግስቱ ልጆቹ መጋዘኑን ሲጠርጉ ዋሉ። የጤፍ አቧራ እስከ ጣሪያው ይንሳፈፋል፤ ውቢት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠምጥማ አለቃ ሆና ሁሉንም ታዛለች። "እዚህ ጋ የእኔ ወንበር ነው፣ ማንም እንዳይቀመጥ!" ትላለች፣ ገና ወንበሩ ሳይሠራ።

የትናየት ይግዛውን ከጓሮ በኩል አገኘችው። ዓይኗ አብጧል።

"ለምን?" አለችው።

ይግዛው ግራ ገባው። "ለምን ማለት? አንቺ አይደለሽ እንዴ ተቀበል ያልሽኝ?"

"እኔ?"

"ጠየቅሁሽ እኮ! እያየሽኝ ጠየቅሁሽ። አንገትሽን ደፍተሽ እሺ አልሽኝ። ስለ ልጆቹ ስትል ተቀበል፣ ለእኔ አታስብ ያልሽኝ መስሎኝ..."

"ሰው ሁሉ እያየኝ!" ድምፅዋ ተሰበረ። "ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያፈጥብኝ አንገቴን ካልደፋሁ ምን ላድርግ? የደፋሁት እንደምወድህ እንዳይታወቅብኝ ነው። ስለምወድህ ነው የደፋሁት፣ አንተ ደግሞ ለዚያ ብለህ ጠባህ?"

ይግዛው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። ከውስጥ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል።

"ራስሽን በእምቢታ ብትነቀንቂ እሄድ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ልጆቹን ትተህ?"

"እንጃ።" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "የማላውቀውን አልዋሽሽም። ሌላም ነገር ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ ብትጠዪኝ ጥዪኝ። ጣታቸውን አፌ ውስጥ ሲያደርጉ፣ ሕዝቡ 'አባት ያድርግልህ' ሲል... አባት ኖሮኝ አያውቅም፣ የትናየት። ለአፍታ ደስ አለኝ። አንቺን እያጣሁሽ መሆኔን እያወቅሁ ደስ አለኝ። ለዚያች አፍታ ራሴን ይቅር አልልም።"

የትናየት ልትጠላው ሞከረች። ከልቧ ሞከረች። አልቻለችም፤ ይልቁንም አጠገቡ ቁጭ ብላ ራሱን ልትዳብሰው እጇን ዘረጋችና መሀል ላይ ተወችው። እንዲህ ያለ ነገር ከዛሬ ጀምሮ በምን ስም ይጠራል? እጇን ወደ ጭኗ መለሰች፣ ሁለቱም ያን እጅ አይተው አለቀሱ።

* * *

የቤቱ የነፍስ አባት አባ ሣህለ ማርያም ናቸው። ለየብቻ ሄደው፣ እሷ ቀድማ እሱ ቆይቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ አገኟቸውና ሁሉንም ነገሯቸው።

"ይህ የአገር ሥርዓት ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር አይደለም" አሉ። "እኔ መጽሐፍ ገልጬ እህትና ወንድም ናችሁ አልላችሁም።"

የይግዛው ፊት በራ።

"አትቸኩል፣ ልጄ። አገሩ ይላችኋላ! በሕዝብ ፊት የታሰረ በሕዝብ ፊት ነው የሚፈታው። ገብረ ሕይወት እዚያው እድሩ ፊት ቆሞ 'ልጄ አይደለም፣ ክጄዋለሁ' ካለ ይፈታል። እሱ ያን ካለ ግን ሰው ምን ይላል? ምን አድርጎት ነው ይላል። አባት በካደው ሰው እጅ ማን ልጁን ይተዋል? ማን እፍኝ ሽምብራ ይሰጣል? ክበባችሁ በዚያው ቀን ይዘጋል።" አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጸልዩ ልላችሁ ነበር። አፈርኩ።"

ከዚያ ሲመለሱ መንገዱ ሰው አልነበረበትምና ጎን ለጎን ሄዱ።

"እኔ ለአባባ እነግራቸዋለሁ" አለች የትናየት። "ዛሬውኑ።"

"ውቢትስ?" አለ ይግዛው ቀስ ብሎ።

"ውቢት! ሁልጊዜ ውቢት!" ጮኸች። "እኔስ? እኔ የማንም ልጅ አይደለሁም? ለእኔስ የሚቆረቆር ማን አለ?"

ወዲያው አፈረች፤ ያቺ ልጅ ትናንት ያልተሠራ ወንበር ስትከላከል አይታታለች። ግን ማፈር መውደድን አያስቀረውም። ተለያይተው ሄዱ፣ ሁለቱም አንገታቸውን አቀርቅረው።

ቤት ስትደርስ አባቷ የእንዳለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ልጁ ከቀረ ወዲህ ተዘግቶ የኖረው ክፍል መስኮቱ ተከፍቷል። አቶ ገብረ ሕይወት የሟቹን ልብሶች አልጋው ላይ ደርድረው አንዱን ኮት ይቦርሻሉ።

"አባባ" አለች በሩ ላይ ቆማ። "የምነግርዎት ነገር አለኝ።"

"ነይ ግቢ፣ ነይ። እኔም የምነግርሽ አለኝ።" ኮቱን ብርሃን ላይ አንስተው አዩት። "ይህን ክፍል መክፈት እፈራ ነበር። በሩ ጋ እደርስና እመለሳለሁ፤ እናትሽ አታውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ከትናንት ወዲያ ያን ልጅ ሳቅፈው ግን አንድ ነገር ከላዬ ወረደ። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ የትናየት። ልጄ ከቀረ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።"

የትናየት አንድ እርምጃ ገባች። "አባባ፣ ይግዛው..."

"አንቺን ነው የማመሰግን። እኔማ በምን አፌ እደፍር ነበር? ሰው ልጁን በሌላ ልጅ ተካ ይለኝ ነበር። አንቺ 'እንደ ወንድሜ ነው' ስትይኝ እንዳለው ራሱ በአንቺ አፍ ፈቀደልኝ ብዬ ተቀበልኩት።" ወደ እሷ ዞሩ። ያረጀ ፊታቸው በደስታ የሕፃን ሆኗል። "ምን ልትይኝ ነበር?"

ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ይርጋነሽ ከአባቷ ኋላ፣ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ያዩዋታል። እናቷ ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ አትንገሪም ንገሪም አላሉ፤ እንባቸው ብቻ ይወርዳል። የትናየት ኮቱን ከአባቷ እጅ ተቀበለች፣ ትከሻውን በእጇ ለካች።

"ትንሽ ይሰፋዋል" አለች።

"አጥበን እንሰጠዋለን!" አሉ አቶ ገብረ ሕይወት።

* * *

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌ መጣ። ከደጀን ነው፤ ሆቴልና የጭነት መኪና ያለው ሰው ለልጁ የትናየትን ሊጠይቅ ልኳቸው። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ እንደ ሥርዓቱም ነገራቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ይርጋነሽና የትናየት ጓዳ ገብተው ከበሩ ኋላ ቆሙ።

አቶ ገብረ ሕይወት መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ይግዛው በቀኛቸው ተቀምጧል፤ እንዲመጣ ያስጠሩት ራሳቸው ናቸው።

"ቤታችሁ ቤቴ ነው፣ ልጁንም ደህና ልጅ ነው ይሉታል" አሉ አቶ ገብረ ሕይወት። "ግን እኔ አርጅቻለሁ። አሁን እግዜር ወንድ ልጅ ሰጥቶኛል። የእህቱን ነገር ወንድሟ ይመልስ። ይግዛው ልጄ፣ ምን ትላለህ?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ይግዛው ዞሩ። ጓዳ ውስጥ የትናየት የእናቷን እጅ ጨበጠች። ደግ ነው በል፣ አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እንዳትል፣ አለች። የትኛውን እንደምትፈልግ ራሷም አታውቅም። እሺ ቢል ሁሉም ያልቅ ነበር፤ እሷም ትሄድ ነበር፣ እሱም ያርፍ ነበር፣ ውቢትም ወንበሯ ላይ ትቀመጥ ነበር። የሚጠበቅበት አንዲት ቃል ናት።

ይግዛው ተነሳ።

"አይሆንም" አለ።

"ምነው ልጄ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ልጁ ምን ጎደለው? የሰማኸው ነገር አለ?"

"የሰማሁት የለም፣ አባቴ።"

"ታዲያ?"

"አልሰጥም።" ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "አልችልም። እሷን... አልሰጥም።"

የትናየት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አሁን አባባ ይገባቸዋል ብላ አሰበች፤ ይህን ድምፅ ሰምቶ የማይገባው ሰው አለ? ፈራች፣ ደግሞም ይግባቸው፣ አቤቱ ይግባቸው ብላ ለመነች።

አቶ ገብረ ሕይወት ጭናቸውን መትተው ሳቁ።

"አያችሁልኝ? አያችሁት ልጄን?" አሉ። እንባቸው ከሳቃቸው ጋር ይወርዳል። "እንዳለውም እንዲህ ነበር! ለእህቱ ሲሆን አንበሳ ነበር! እኔ የጡት ልጅ መሰለኝ፣ ለካ የአብራክ ልጅ ነው እግዜር የሰጠኝ!"

ትልቁ ሽማግሌም ተሸንፈው ፈገግ አሉ። "ወንድም እንዲህ ነው እንጂ! እኛም ተከበርን፣ ብንመለስም አላፈርንም። ግን እስከ መቼ ነው፣ ገብረ ሕይወት?"

"እሱ እሺ እስኪል። ከእንግዲህ የእሷ ነገር በእሱ እጅ ነው። ግቡ ተቀመጡ፣ ቢያንስ ጠላችንን ቅመሱ። ይርጋነሽ!"

የትናየት ለአንዲት አፍታ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ለሌላ አልሰጣትም! በሰው ሁሉ ፊት ወዷታል፤ እሷም ሰምታለች። ከዚያ ደስታው እዚያው ደረቷ ውስጥ ዞረባት። ነገ ከአማኑኤል ቢመጡ አይሆንም ይላል፤ ከነገ ወዲያ ከአምበር ቢመጡም አይሆንም ይላል። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። እሷን ለራሱ የሚጠይቅበት በር ግን የለም፤ ሽማግሌ ቢልክ መልስ የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው።

"እስከ መቼ ይከለክልልሻል፣ ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ በሹክሹክታ፣ ጀርባዋን እየደባበሱ።

ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ለይግዛው እየተነሱ ይመርቁታል፤ እሱም እንደ ሥርዓቱ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል። አባቷ "እህትህን ጥራትና ታስተናግድ" ሲሉት ሰማች። ይግዛው ወደ ጓዳው መጥቶ ከበሩ ማዶ ቆመ። አልገባም። መዳፉን በሩ ላይ ሲያሳርፍ ሳንቃው በስሱ ጠቅ አለ፤ እሷም ከውስጥ መዳፏን እዚያው ላይ አደረገች።

"እህቴ" አላት። እንዲህ ብሎ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"አቤት፣ ወንድም ጋሼ" አለችና ጠላውን ይዛ ወጣች።